ለወንድሜ የሠራሁት ጊታር አልጋ ሥር ተኝቷል

የአንባቢ ደብዳቤ

ጤና ይስጥልኝ፤

የ38 ዓመት ሴት ነኝ፤ ባለትዳርና የሁለት ልጆች እናት። ቀኑን ሙሉ ቢሮ ቁጭ ብዬ ሒሳብ ስሠራ እውላለሁ። ማታ ልጆቹ ሲተኙ ዕቃ ቤት እገባና በሩን ዘግቼ ኤሌክትሪክ ጊታር እሠራለሁ። ነገሩ የተጀመረው አንድ የተሰበረ ጊታር ለመጠገን ስፈታ ነው። ውስጡን አየሁና በዚያው ቀረሁ። አሁን አምስተኛ ዓመቴ ነው።

የመጀመሪያው ሥራዬ አልሆነም። እያንዳንዱን ፍሬት፣ ማለትም አንገቱ ላይ በአግድም የሚገባውን ቀጭን ብረት፣ ከፊቱ ካለው ፍሬት እየለካሁ ስለቆረጥኩ ስህተቱ ተጠራቅሞ፣ ምንም ቢቃኝ የማይስማማ ጊታር ወጣ። ሁለተኛው ደህና ነው፤ ሳሎን ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ሦስተኛውን የሠራሁት ለታናሽ ወንድሜ ነው።

ወንድሜ መደበኛ ሥራ አለው፤ ቅዳሜና እሁድ ግን ከባንድ ጋር ሊድ ጊታር፣ ዋናውን ዜማ የሚያወጣውን፣ ይጫወታል። በስምንት ዓመት እበልጠዋለሁ። እናታችን ስትሞት ገና ልጅ ስለነበር ያሳደግሁት እኔ ነኝ ማለት ይቻላል። 30 ዓመት ሲሞላው ልሰጠው ብዬ በሚስጥር 14 ወር ለፋሁበት። አካሉ ከአንድ ወጥ ጥቁር ቡናማ እንጨት የተሠራ ነው። እንጨቱን ሳገኘው ዓይኔን ማመን አቃተኝ። ሲላግ የውስጡ መስመር እንደ ውኃ ሞገድ ይታያል። ከባድ ነው፤ ግን ከሱ ላይ ምንም መቀነስ አልፈለግሁም። ዘይት አጠጣሁት፣ ሲደርቅ ቫርኒሽ ቀባሁት፣ እንደ መስታወት እስኪያበራ አሸሁት። አንገቱን በአራት ብሎን አሰርኩት። ከአንገቱ ጫፍ ጀርባ፣ ማንም በማያየው ቦታ፣ የእናታችንን ስም የመጀመሪያ ፊደል ቀረጽኩበት።

ስሰጠው አለቀሰ። አቅፎኝ ቆየ። በዚያው ሳምንት ሲጫወትበት ቪዲዮ ላከልኝ። ከዚያ በኋላ ግን ሦስት ጊዜ መድረክ ላይ ላየው ሄጄ፣ ሦስቱንም ጊዜ ያንን ቀለሙ የተላጠ አሮጌ ጊታሩን ይዞ ወጣ። ባለፈው ቤቱ ሄጄ የወደቀ ነገር ላነሳ ጎንበስ ስል የኔን ጊታር ከነቦርሳው አልጋ ሥር አየሁት። አቧራ ለብሷል። «ጊታሯስ እንዴት ናት?» ስለው «እትዬ፣ እንዳትጫርብኝ እየተጠነቀቅኩላት ነው» አለኝ።

ባለቤቴ «ካልተጫወተበት መልሰሽ ውሰጂውና እኛ ቤት እንስቀለው» ይላል። ለአራተኛው ያዘጋጀሁትን እንጨት ከነካሁ ሁለት ወር አለፈኝ። ዕቃ ቤት ስገባ ሆድ ይብሰኛል። ሥራዬ መጥፎ ሆኖ ሰው ሁሉ ደብቆኝ ይሆን? ጊታሩን ላስመልስ? ወይስ ይሄን ነገር ጨርሶ ልተወው? እንደከፋኝ ለወንድሜ አልነገርኩትም።

ቅር የተሰኘች እህት

መልስ

ውድ እህቴ፤

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሁለተኛውን ጊዜ ያነበብኩት እርሳስ ይዤ ነው። እኔም እንዳንቺ ማታ ማታ ጊታር ከሚሠሩት አንዱ ስለሆንኩ 14 ወር ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። ሰጋቱራ ከፀጉር አልወጣ ሲል፣ አንድ ቀዳዳ በግማሽ ሚሊ ሜትር ስቶ እንቅልፍ ሲነሳ ደርሶብኛል። ስለዚህ «ለአንድ ጊታር ነው እንዴ እንዲህ መሆን?» ከሚሉት ወገን አይደለሁም። ሦስት ጊዜ ሄደሽ፣ ሦስቱንም ጊዜ መጀመሪያ ያየሽው የወንድምሽን ፊት ሳይሆን ትከሻው ላይ ያነገተውን ነው። ያማል። ሲያምሽ ደግሞ ዝም አልሽ፤ ዝምታው በራሱ ሌላ ሕመም ነው።

አንዱን ጥያቄሽን ግን ቶሎ ልመልሰው። ጊታሩን አታስመልሺው። አሁን አታስመልሺው። የተሰጠ ነገር ተመልሶ ሲወሰድ ወሬው ስለ ጊታሩ መሆኑ ያበቃል፤ ስለ እናንተ ሁለታችሁ ይሆናል። እሱ ውለታ ቢስ እንደሆነ ይሰማዋል፣ አንቺም ግድግዳሽ ላይ በሰቀልሽው ቁጥር ያንን ቀን ታስቢያለሽ። ከዚያ በኋላ እውነቱን መነጋገር ከአሁኑ በጣም ይከብዳችኋል።

እርሳስ ይዤ ሳነብ የፈለግሁት አንድ ነገር ነበር። ስለ እንጨቱ ቀለም፣ ስለ ሞገዱ፣ ስለ ማሸቱ ጻፍሽልኝ። አንብቤ ዓይኔ ላይ መጣልኝ። ስለ ወንድምሽ እጅ ግን አንድም ቃል የለም። እጁ ትልቅ ነው ትንሽ? ሲጫወት አውራ ጣቱን ከአንገቱ ጀርባ ያሳርፋል ወይስ ከላይ አሻግሮ ይይዛል? ቆሞ ሲጫወት ጊታሩ ደረቱ ጋ ነው ወይስ ወገቡ ጋ? አሮጌ ጊታሩ ስንት ይመዝናል?

ይሄን የምጠይቅሽ ልወቅስሽ አይደለም። በሚስጥር ስትሠሪ ልትጠይቂው አትችዪም ነበር። የሚስጥር ስጦታ ደስ ይላል። ጊታር በሚስጥር ሲሠራ ግን ሰውየው ሳይለካ እንደሚሰፋ ኮት ነው። ጨርቁ የቱንም ያህል ቢያምር ትከሻው ላይ ሊጠብ ይችላል።

ስለዚህ ግምቴ ይሄ ነው። ወንድምሽ ስጦታሽን አልናቀም። ጊታሩ የሆነ ቦታ ላይ አልተመቸውም፤ ያንን ደግሞ ለአንቺ ሊነግርሽ አልቻለም። እስኪ በሱ ቦታ ሆነሽ አስቢው። ያሳደገችው እህቱ ናት፤ «እትዬ» ነው የሚላት። 14 ወር ሙሉ እንቅልፏን አጥታለች። ስጦታዋን ሲቀበል አልቅሷል። አሁን «አንገቱ ወፍሮብኛል» ብሎ የሚናገርበትን አፍ ከየት ያምጣው? ይሉኝታ ይዞታል። «እንዳትጫርብኝ» ያለሽም ሙሉ በሙሉ ሰበብ አይመስለኝም። እንደ መስታወት የሚያበራ ነገር ይዞ፣ ኬብል የተተበተበበት፣ የማይክ ማቆሚያ በየቦታው የተገተረበት መድረክ ላይ መውጣት ያስፈራል። አሮጌው ቢወድቅ አንድ ጭረት ነው የሚጨመርበት።

ደግሞም መድረክ ላይ እጅ ሳያስብ ነው የሚሄደው። ለዓመታት አንድ ጊታር የለመደ እጅ ርቀቱን ያውቀዋል። ከነቱ፣ ማለትም ክሮቹ አንገቱ ጫፍ ላይ ከሚያርፉበት ቁራጭ፣ እስከ ብሪጁ፣ ክሮቹ አካሉ ላይ እስከሚያርፉበት ብረት፣ ያለውን ርዝመት ስንት አደረግሽው? ፌንደር ጊታሮች አብዛኛውን ጊዜ 648 ሚሊ ሜትር ናቸው። ጊብሰን የሚባለው ኩባንያ ጊታሮች ደግሞ ወደ 628 ይጠጋሉ። የሱ አሮጌ ጊታር ረጅሙ፣ ያንቺ አጭሩ ከሆነ 12ኛው ፍሬት ላይ የ10 ሚሊ ሜትር ልዩነት አለ። ያው ክር፣ በዚያው ቅኝት፣ አጭሩ ላይ 6 በመቶ ያህል ይላላል። ሊድ ጊታር የሚጫወት ሰው ደግሞ ክር ወደ ጎን እየገፋ ነው ድምፁን ወደሚፈልገው ኖታ የሚያወጣው። በለመደው ጉልበት ሲገፋ ኖታውን አልፎት ይሄዳል። ቤት ውስጥ ሲሆን ይስተካከላል። ሰው ፊት ሲሆን ግን አሮጌውን ይመርጣል። ይሄ ያንቺን ሥራ መጥላት አይደለም።

«ምንም መቀነስ አልፈለግሁም» ያልሽበት ቦታ ላይም እርሳሴ ቆሟል። ብዙዎቹ ኤሌክትሪክ ጊታሮች ከ3 እስከ 4 ኪሎ ግራም ናቸው። 4 ተኩል ካለፈ ሁለት ሰዓት ቆሞ ለሚጫወት ሰው ይከብዳል። መመዘን ብቻ ሳይሆን አንጠልጥሎ ማየትም አለ። ማንገቻው የሚታሰርበት የላይኛው ቁልፍ ወደ 12ኛው ፍሬት ካልተጠጋ የአንገቱ ጫፍ ወደ መሬት ያዘነብላል። ተጫዋቹ በግራ እጁ ኮርድ (አብረው የሚመቱ ኖታዎች) መያዝ ብቻ ሳይሆን ጊታሩንም መሸከም ይጀምራል። ተቀምጦ በላከልሽ ቪዲዮ ላይ ይሄ አይታይም። ተቀምጦ ነበር አይደል?

የፌንደር ጊታሮችን የጀመረውን ሊዮ ፌንደርን መቼም ታውቂዋለሽ። ራዲዮ ጠጋኝ ነበር፤ ጊታር መጫወት አይችልም ነበር። የሠራውን ለሙዚቀኞች እየሰጠ የሚሉትን ይሰማ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1950 ገበያ ላይ ያዋለው፣ በኋላ ቴሌካስተር የተባለው ጊታር፣ ጠርዙ ቀጥ ያለ ስለነበር ጎናቸውን እንደሚወጋቸው ነገሩት። እ.ኤ.አ. በ1954 የወጣው ስትራቶካስተር ከጀርባው የጎድን ቦታ የተፋቀለት፣ ከፊቱም ክንድ የሚያርፍበት የተሞረደለት በእነዚያ ቅሬታዎች የተነሳ ነው። ዛሬ ያንን ቅርጽ አይተሽ «ምን ያምራል!» ትያለሽ። የተወለደው ግን «ወጋኝ» ካለ ሰው ነው። ያንቺ ወንድም እስካሁን «ወጋኝ» የሚልበት ዕድል አላገኘም።

ዕድሉን ስጪው። እንዴት እንደሆነ ልንገርሽ። «ለምን አትጫወትበትም?» ብለሽ አትጠይቂው። ይሄ ጥያቄ ክስ ይመስላል፤ መልሱም ይቅርታ ብቻ ነው። ይልቅ ደውይለትና እንዲህ በይው፦ «አራተኛውን ልጀምር ነው። ከመጀመሬ በፊት የሦስተኛውን ጉድለት ማወቅ አለብኝ። ሁለቱንም ጊታር ይዘህ ና። የምጠይቅህ እንደ እህት ሳይሆን እንደ ሠሪ ነው።» ቃሉን እንዳስፈለገሽ ለውጪው፤ የመጨረሻዋን አረፍተ ነገር ግን አትተያት። አፉን የምትከፍተው እሷ ናት። ቅዳሜና እሁድ ሥራ ስላለው በአዘቦት ቀን ከሥራ በኋላ ይሁን። ባለቤትሽን ያን ምሽት ልጆቹን እንዲይዝልሽ ጠይቂው። «መልሰሽ ውሰጂው» ያለው ፊትሽ ጠቁሮ ስላየ ነው፤ ከዚያ የሚሻል የሚረዳሽበት ሥራ ስጪው።

ሲመጣ መጀመሪያ አሮጌውን ይጫወትልሽ። ሃያ ደቂቃ ያህል፣ ቆሞ፣ ማንገቻውን በለመደው ቁመት አድርጎ። አንቺ አትናገሪ። ግራ እጁን ብቻ እዪ። አውራ ጣቱ የት እንደሚያርፍ፣ አንጓው ምን ያህል እንደሚታጠፍ፣ ወደ ላይኛው ፍሬቶች ሲወጣ መዳፉ ምን እንደሚነካ። ከዚያ ያንቺን ይያዝ። ልዩነቱን እሱ ከመናገሩ በፊት እጁ ይነግርሻል።

«ይመቻል?» አትበይው፤ «በጣም!» ነው የሚልሽ። ሁለት ምርጫ ያለው ጥያቄ ጠይቂው። አንገቱ ወፍራም ነው ቀጭን? ክሮቹ ከፍ ብለዋል ዝቅ? ድምፁ ይሳላል ይደነዝዛል? እንዲህ ሲጠየቅ ሰው ሳያውቀው እውነቱን ያወጣል። ውስጥሽ «ግን እኮ…» ማለት ሲያምረው እርሳስሽን አንሺና ያለውን ጻፊ። ቀላል እንዳይመስልሽ። ፊት ለፊት ቁጭ ብሎ የገዛ ሥራን ጉድለት መስማት ከባድ ነው፤ ያን ምሽት ሊከፋሽም ይችላል። ይሄኛው መከፋት ግን ወደ ሥራ የሚያስገባ ነው። አልጋ ሥር ያየሽው የሰጠሽ መከፋት ግን ሁለት ወር ከእንጨት አራቀሽ።

ከዚያ ካሊፐርሽን፣ የውፍረት መለኪያሽን፣ አውጪና ሁለቱንም አንገት መጀመሪያው ፍሬት ላይና 12ኛው ፍሬት ላይ ለኪ። 21 እና 23 ሚሊ ሜትር ወረቀት ላይ ጎረቤታሞች ናቸው። መዳፍ ውስጥ ግን ሁለት የተለያዩ ዕቃዎች ናቸው።

ሌላም የምጠረጥረው ነገር አለ። ቤት ውስጥ እየሠራን በለመድን ሰዎች ሁሉ ላይ የሚደርስ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። ነቱን እዪው። የክሩን ጎድጓዳ ስንሞርድ አንድ ጊዜ ካለፈ እንደማይመለስ ስለምናውቅ እንፈራለን፤ ስለምንፈራ ቶሎ እናቆማለን። ክሩ ከፍ ብሎ ይቀራል። ያኔ የመጀመሪያዎቹ ፍሬቶች ላይ ክሩ ብዙ መጫን ይፈልጋል፣ ሲጫን ይወጠራል፣ ሲወጠር ድምፁ ከልኩ ከፍ ይላል። ውጤቱ እንግዳ ነው። ባዶው ክር ተቃኝቷል፣ ከላይ ያሉት ኖታዎችም ደህና ናቸው፣ ከነቱ አጠገብ የሚያዙት ኮርዶች ግን ይጣላሉ። ተጫዋቹ የሆነ ነገር ልክ እንዳልሆነ ይሰማዋል፤ ምን እንደሆነ ግን መናገር አይችልም። አስተካክሎ ይቃኛል፣ አሁንም ይጣላል። በመጨረሻ ጊታሩን ያስቀምጠዋል።

ፍተሻው ቀላል ነው። ክሩን ሦስተኛው ፍሬት አጠገብ ተጫኚው፤ ከዚያ መጀመሪያው ፍሬትና ክሩ መካከል ያለውን ክፍተት ከጎን በብርሃን እዪ። ፀጉር የምታክል ክፍተት ብቻ ነው መኖር ያለባት። ክሩን በጣትሽ ጫፍ ነካ ስታደርጊው «ጢቅ» የምትል። ክፍተቱ ሰፍቶ ከታየሽ ጥፋተኛውን አግኝተሽዋል ማለት ነው። በቀጭን ሞረድ፣ ወደ አንገቱ ጫፍ በኩል ትንሽ አዘንብለሽ፣ ሁለት ሦስት ጊዜ እየሞረድሽ መልሰሽ እየፈተሽሽ ሂጂ። ከዚያ ብሪጁን። 12ኛው ፍሬት ላይ ክሩን ነካ አድርጎ የሚወጣውን ሃርሞኒክና ተጭኖ የሚወጣውን ኖታ በቲዩነር (በመቃኛ መሣሪያ) አወዳድሪ። የተጫነው ከፍ ካለ የክሩን ማሳረፊያ ከነቱ አርቂው፤ ዝቅ ካለ አቅርቢው። እርግጥ አዲስ ክር አስገብተሽ። አልጋ ሥር የከረመ ክር ላይ ምንም አይፈረድም።

አንገቱ ወፍራም ሆኖ ከተገኘ ሁለት መንገድ አለሽ። ጀርባውን ቀስ እያልሽ መፋቅ አንዱ ነው፤ ግን ትረስ ሮዱ፣ አንገቱ ውስጥ የተቀበረው ማጠናከሪያ ብረት፣ ከሥር የት ድረስ እንደወረደ፣ በሱና በጀርባው መካከል ስንት ሚሊ ሜትር እንጨት እንደቀረ ከንድፍሽ ላይ ሳታረጋግጪ መፋቂያ አታንሺ። ቀጭኑ ክር 0.010 ኢንች የሆነ የተለመደ የስድስት ክር ስብስብ ሁሉም ሲቃኝ ወደ 46 ኪሎ ግራም ይስባል፤ የሳሳ አንገት ያንን አይችልም። ሁለተኛው መንገድ አዲስ አንገት መሥራት ነው። እኔ ብሆን ይሄኛውን እመርጣለሁ። በአራት ብሎን ነው ያሰርሽው! ያ ሞገድ ያለው አካል እዚያው ይቆያል፣ አንገቱ ይፈታል፣ ለሱ እጅ የተለካ ሌላ ይገባል። የእናታችሁ ፊደል ያለበትን አሮጌውን አንገት ምን እንደምታደርጉት አብራችሁ ተነጋገሩ። ክብደቱ ከሆነ ችግሩ፣ ከጀርባ በኩል ቦርቡረሽ በስስ ክዳን መመለስ ይቻላል። የፊቱን ሞገድ አይነካውም። ቫርኒሹን እንደገና መቀባት አለብሽ፤ ምናልባትም ያኔ እንደ መስታወት ባታደርጊው ይሻላል። ትንሽ የደበዘዘ ነገር ለመንካት አያስፈራም።

የብሪያን ሜይን ጊታር ታሪክ ሳትሰሚ አትቀሪም፤ የኩዊን ባንድ ጊታሪስት ነው። እ.ኤ.አ. በ1963፣ 16 ዓመቱ ሳለ፣ ከአባቱ ጋር ሆነው ጀመሩት፤ ሁለት ዓመት ያህል ፈጀባቸው። አንገቱ የተሠራው ከአሮጌ የግድግዳ ምድጃ የእንጨት ዙሪያ ነበር። የትሬሞሎው (ድምፁን የሚያወዛውዘው መሣሪያ) ስፕሪንጎች ከአሮጌ ሞተር ሳይክል የወጡ ናቸው። አንገቱ ላይ ያሉት ነጭ ነጠብጣቦች ከእናቱ የስፌት ሳጥን የተገኙ ቁልፎች ናቸው። ሰው ሁሉ የሚያወራው ይሄን ነው። እኔን የሚገርመኝ ግን ፒክአፖቹ፣ የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጡት፣ ናቸው። በመጀመሪያ በራሱ እጅ ጠምጥሞ ነበር የሠራቸው። ክሩን ወደ ጎን ሲገፋ የሚሰጡት ድምፅ አልተስማማውም። አወጣቸውና በርንስ የሚባል ኩባንያ የሠራቸውን ገዝቶ አስገባ። ይህንኑ ጊታር ይዞ ከ50 ዓመት በላይ መድረክ ላይ ወጥቷል። ከሁሉም በላይ አንቺን የሚመለከትሽ እዚያ ጠረጴዛ ዙሪያ ሁለት ሰው መኖሩ ይመስለኛል። የሚጫወተው ልጅ እዚያው ነበር። «ይሄ ይወፍራል» ሲል የሚሰማው ሰው አጠገቡ ነበር።

«ሥራዬ መጥፎ ይሆን?» ላልሽው፣ የመጀመሪያው ጊታርሽ ለምን እንዳልሆነ በአንድ አረፍተ ነገር ጽፈሽልኛል። ፍሬት ሁሉ ከነቱ ነው የሚለካው፤ ያንን ራስሽ ደርሰሽበት ሁለተኛውን አስተካከልሽ። ጥፋቱን እንዲህ አጥርቶ የሚያውቅ ሰው መጥፎ ሠሪ አይባልም። ገና ሦስተኛሽ ነው።

አሁን ደግሞ በካሊፐር የማይለካውን ልጠይቅሽ። መልሱን ለኔ መጻፍ የለብሽም። ያንን ፊደል ለወንድምሽ አሳይተሽዋል? «ማንም በማያየው ቦታ» ስትዪ እሱንም ይጨምራል? ካላየው፣ ያ ጊታር ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ግማሹን አያውቅም። ካየው ደግሞ፣ ምናልባት አልጋ ሥር ያስቀመጠው የእናቱን ነገር ጫጫታ መሃል ይዞ መውጣት ስላልቻለ ይሆናል። ሰው ውድ ነገሩን የሚያኖረው ወይ ሁሉም በሚያየው ቦታ ነው ወይ ማንም በማይደርስበት። አቧራውን አይተሽ ችላ እንደተባለ ገመትሽ። እኔ እርግጠኛ አይደለሁም። እና መድረክ ላይ ልታዪ የፈለግሽው ምን ነበር? ጊታሩን ነው? ያሳደግሽውን ልጅ ነው? ወይስ እናታችሁ ያላየችውን ቀን?

እነዚህን አስቢባቸውና፣ እንደከፋሽ ንገሪው። ግን የጊታሩ ፍተሻ ምሽት ላይ አይሁን፤ ሁለቱ ከተደባለቁ እሱ ከእንግዲህ ስለ ነትም ስለ አንገትም እውነቱን አይነግርሽም። ሌላ ቀን፣ በእግር ስትሄዱ ወይም መኪና ውስጥ፣ ፊት ለፊት ሳትተያዩ። «አልጋ ሥር ሳየው ከፋኝ» በቂ ነው። ከዚያ ዝም በይና ይናገር። ሁሉ ነገር ተስተካክሎ አሁንም አሮጌውን ይዞ ሊወጣ ይችላል፤ እጅ የለመደውን በቀላሉ አይተውም። ያኔ ያንቺ ጊታር የቤት ጊታሩ ይሆናል፤ ማታ ብቻውን ሲሆን የሚያነሳው። አልጋ ሥር ካለው ጊታር ጋር ግን አንድ አይደለም።

አንድ ሌላ ነገር ሳልል ብቀር ቅር ይለኛል። ዕቃ ቤቱን ዘግተሽ ነው የምትሠሪው። የእንጨት ብናኝ የዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ተቋም በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያመጣ ከተረጋገጡት ተርታ ያስቀመጠው ነገር ነው። ጠንካራ እንጨት ስታሺ ጥሩ የብናኝ ጭምብል አድርጊ፣ አየር የሚወጣበትም ይኑር። ዘይት ያጠጣሽበትን ጨርቅ ደግሞ ጨብጠሽ ጥግ አትጣዪው። እንደ ተልባ ዘይት ያሉት ሲደርቁ ይሞቃሉ፤ የተጠቀለለ ጨርቅ ማንም ክብሪት ሳይጭርበት በራሱ ሊቀጣጠል ይችላል። ልጆች የተኙበት ቤት ነው። ዘርግተሽ ውጪ አድርቂው ወይም ውኃ ውስጥ ነክረሽ ክዳን ባለው ቆርቆሮ አኑሪው።

ልተወው ወይ ላልሽው፣ ሁለት ወር እንጨት ያልነካሽባቸውን ማታዎች ምን ስታደርጊባቸው ነበር? ቀሎሽ ከሆነ፣ ዕረፍት ያስፈልግሽ ነበር ማለት ነው፤ ዕረፊ። እጅሽ የሚይዘው አጥቶ ከነበረ ግን መልሱን ታውቂዋለሽ። በከፋሽ ሰዓት አትወስኚ። አራተኛውን ደግሞ ለወንድምሽ ለማካካስ አትሥሪው። ለራስሽ ሠርተሽ ታውቂያለሽ? የሳሎኑን ማን ይጫወትበታል? ያንቺ መዳፍስ ስንት ሚሊ ሜትር ይወዳል? ይሄን ጠይቀሽ የማታውቂ ከሆነ አራተኛው የሚጀመረው ከዚያ ነው።

በዚህ ሳምንት አንድ ትንሽ ነገር ብቻ አድርጊ። ዕቃ ቤት ግቢና ያንን እንጨት አንሺው። አትላጊው፣ አትቁረጪው። መዝኚውና ክብደቱን በእርሳስ ጥጉ ላይ ጻፊበት። ከዚያ ለወንድምሽ ደውይ። ሁለቱ ጊታሮች ያን ምሽት ስንት እንደመዘኑና አንገታቸው ስንት ሚሊ ሜትር እንደሆነ ጻፊልኝ። እሱ የተናገረውንም፣ እንዳለ።